ስትሬፕቶካይኔዝ፣ ቴኔክቴፕሌዝ ወይስ ስቴንት? የሃርት አታክ የመጀመሪያ ሰዓታት ሕክምናዎች ሲመዘኑ

ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ያህል የከበደው፣ ላብ ያጠመቀው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ጨጓራ ነው» ወይም «ብርድ መትቶህ ነው» የሚል ቃል ነው። ዝንጅብል ይፈላለታል፣ ኦሜፕራዞል ይሰጠዋል፣ ጋደም ይላል። የልቡን ጡንቻ የሚመግበው ደም ሥር በረጋ ደም ተደፍኖ ከሆነ ግን ጡንቻው በየደቂቃው እየሞተ ነው፤ የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። ሃርት አታክ የምንለው ይህንን ነው። «የልብ ድካም» ከሚባለው ጋር ይምታታል፤ የልብ ድካም ልብ ደም የመርጨት አቅሟ ሲዳከም የሚመጣ ሲሆን፣ ዘግይቶ የታከመ ሃርት አታክ ከሚያስከትላቸው መዘዞች አንዱ ነው።

የተደፈነውን ሥር ለመክፈት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የረጋውን ደም በመድኃኒት ማሟሟት ነው። ሌላው በቀጭን ቱቦ ገብቶ በፊኛ መክፈትና ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ጥልፍ) ማስቀመጥ ነው። እዚህ የምንገመግመው ሁለቱን ነው፤ ከማሟሟያዎቹም ስትሬፕቶካይኔዝን፣ አልቴፕሌዝንና ቴኔክቴፕሌዝን ከነአሰጣጣቸው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ስቴንት በሰዓቱ ከተገኘ የሚስተካከለው የለም። በሰዓቱ የማይገኝ ከሆነ ግን ስቴንት እየጠበቁ ማሟሟያውን ሳይሰጡ መቅረት በዚህ ሕክምና ውስጥ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

መጀመሪያ ኢሲጂ

ታካሚው በር በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ተነሥቶ ማንበብ በሚችል ሰው መነበብ አለበት። ማሟሟያ የሚሰጠው ኤስቲ የሚባለው የኢሲጂው መስመር ክፍል ከፍ ላለበት ሰው ነው። ልኩ ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ሊዶች (ልብን ከተለያየ አቅጣጫ በሚያሳዩት የኢሲጂ መስመሮች) ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በደረት ላይ በሚነሡት ሊዶች በቪ2 እና በቪ3 ላይ ግን ለ40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ወንድ 2፣ ከ40 በታች ለሆነ ወንድ 2.5፣ ለሴት 1.5 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። ኤስቲው የወረደበት ወይም ለውጥ የሌለበት ሰው ትሮፖኒኑ (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚታየው ፕሮቲን) ከፍ ቢልም ማሟሟያ አይሰጠውም፤ ትርፉ መድማት ብቻ ነው።

ይህ ሕግ አንድ ወጥመድ አለው። ከቪ1 እስከ ቪ4 ኤስቲው ወርዶ ሲታይ የተጎዳው የልብ የኋላ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሮዶቹን ከግራ ብብት ወደ ጀርባ አዙሮ ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9ን ማንሣት ነው፤ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃል። ለውጡ በሊድ 2፣ በሊድ 3 እና በኤቪኤፍ ላይ ከሆነ ደግሞ የቪ4ን ኤሌክትሮድ በቀኝ ደረት በኩል አድርጎ መድገም ግድ ነው። የቀኙ የልብ ክፍል ከተጎዳ ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የደም ግፊቱን ገደል ሊከተው ይችላል። ባለፉት 24 ሰዓታት ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ለወሰደ ወንድ ደግሞ ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም፤ ይህን ጥያቄ ቤተሰብ ባለበት መጠየቅ መልስ አያስገኝምና ለብቻው ይጠየቅ። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገማል። ኤስቲው ከፍ ካለ የትሮፖኒን ውጤት አይጠበቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደህና ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ስትሬፕቶካይኔዝ፦ ያረጀ ነው፣ ግን አይናቅም

ከስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚገኝ መድኃኒት ነው። በ1986 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ ወደ 12,000 በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት በ21 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ13 በመቶ ወደ 10.7 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳየ። ሕመሙ በጀመራቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ባገኙት ዘንድ ሞቱ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ 17,187 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አስፕሪንን ጨመረበት። ሁለቱንም ካላገኙት በ5 ሳምንት ውስጥ 13.2 በመቶ በልብና በደም ሥር ምክንያት ሲሞቱ፣ ሁለቱንም ካገኙት የሞቱት 8 በመቶ ናቸው። አስፕሪን ብቻውን ከስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ተቀራራቢ ጥቅም ሰጥቷል። ከመድኃኒቶች ሁሉ ርካሹ ክኒን ይህን ያህል ሲሠራ ሳይሰጥ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

መጠኑ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ በክብደት አይለካም። ዱቄቱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በቫያሉ (በብልቃጡ) ግድግዳ በኩል ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ቫያሉ ዘንበል ዘንበል ይደረጋል እንጂ አይናጥም፤ ከተናጠ አረፋ ይሆናል። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር እስኪሆን በሳላይን ቀጥኖ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ኢንፊውዥን ፓምፕ ከሌለ፣ አንድ ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነ የመስጫ ቱቦ፣ በደቂቃ 33 ጠብታ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ፓምፕ የለም ብሎ መድኃኒቱን መተው አያስፈልግም፤ ሰዓት አይቶ ጠብታ የሚቆጥር ነርስ ይበቃል።

ዋናው ችግሩ በመካከል የደም ግፊት መውረዱ ነው። የደም ግፊት በየ5 ደቂቃው ይለካል። ከወረደ ጠብታው ይቀንሳል ወይም ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፣ እግር ከፍ ይደረጋል፣ ሳንባው ላይ ውኃ ከሌለ 250 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይሰጣል፤ ግፊቱ ሲመለስ ይቀጥላል። ብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት ግፊቱ አንዴ ስለወረደ ቀሪውን ግማሽ መጣል ነው። ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ሊመጣ ይችላል፤ ጉሮሮ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ከጠበበ ግን መድኃኒቱ ይቆምና አድሬናሊን ይሰጣል። አንዴ የወሰደ ሰው ዳግመኛ አይወስደውም፤ ሰውነቱ ያበጀው ፀረ አካል መድኃኒቱን ያከሽፋል፣ አለርጂም ያስነሣል። በቅርቡ በስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም የተያዘ ሰው ላይም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ከ90 ደቂቃ በኋላ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ደም በደንብ የሚያልፍበት ከ3 ሰው 1 ገደማ ነው። ቢሆንም ሕመሙ በጀመረ በሁለተኛው ሰዓት የተሰጠ ስትሬፕቶካይኔዝ በስምንተኛው ሰዓት ከሚገኝ የተሻለ መድኃኒት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

አልቴፕሌዝና ቴኔክቴፕሌዝ

አልቴፕሌዝ በ1993 በ41,021 ታካሚዎች ላይ ከስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ተወዳድሮ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 6.3 በመቶ ሆነዋል፤ በስትሬፕቶካይኔዝ 7.2 እና 7.4 ነበር። ከ100 ሰው አንድ ተጨማሪ ሰው ተረፈ ማለት ነው። በአንጻሩ የአንጎል መድማቱ በጥቂቱ ጨምሯል። አሰጣጡ ሦስት ደረጃ አለው፤ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም በ30 ደቂቃ (ከ50 አይበልጥም)፣ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም በ60 ደቂቃ (ከ35 አይበልጥም)። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 15፣ 45፣ 30 ይሆናል። ፓምፕ ይፈልጋል፣ ስሌት ይፈልጋል፤ በተጨናነቀ ድንገተኛ ክፍል ስሕተት የሚገባበት እዚህ ነው። ቴኔክቴፕሌዝ እያለ እሱን የምንመርጥበት ምክንያት አይታየንም።

ቴኔክቴፕሌዝ በአንድ ሲሪንጅ፣ በጥቂት ሰከንዶች፣ አንዴ ተገፍቶ ያልቃል። በ1999 በ16,949 ሰዎች ላይ ከአልቴፕሌዝ ጋር ሲለካ የሞቱ ቁጥር እኩል ነበር፣ ከአንጎል ውጪ ያለው መድማት ደግሞ ያነሰ። መጠኑ በክብደት ነው፦ ከ60 ኪሎ በታች 30 ሚሊ ግራም፣ ከ60 እስከ 70 በታች 35፣ ከ70 እስከ 80 በታች 40፣ ከ80 እስከ 90 በታች 45፣ 90 እና ከዚያ በላይ 50። ዕድሜው 75 የሞላ ሰው የዚህን ግማሽ ነው የሚወስደው። በሚዛን መለካት ካልተቻለ አስታማሚን መጠየቅና ገምቶ መወሰን ነው፤ ሚዛን ፍለጋ ደቂቃ አይጠፋም።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። መድኃኒቱ ግሉኮስ ከሚወርድበት ላይን (ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቱቦ) ጋር ከተገናኘ ይረጋል፤ ላይኑ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም በኖርማል ሳላይን መታጠብ አለበት። ሁለተኛው አደገኛ ነው። ይኸው መድኃኒት ለስትሮክም ይሰጣል፤ የስትሮኩ መጠን በኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ25 አይበልጥም። የልብን መጠን ለስትሮክ ታካሚ መስጠት አንጎሉን እንደማድማት ነው። ሁለቱ ሠንጠረዦች በአንድ ወረቀት ላይ ባይለጠፉ ይሻላል።

አብረው የሚሰጡት፣ የማይሰጡት

አስፕሪን ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይታኘካል፤ ተሸፍኖ የተሠራውን ሳያኝኩ መዋጥ ያዘገየዋል። እንደ አስፕሪን የደም መርጋትን የሚከላከለው ክሎፒዶግሬል 300 ሚሊ ግራም ይጨመራል፣ ከ75 ዓመት በላይ ላለ ሰው ግን 75 ብቻ። ኢኖክሳፓሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መርፌ) 30 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የቆዳ ሥር መጠኖች እያንዳንዳቸው ከ100 አይበልጡም። 75 ዓመት ለሞላው በደም ሥር የሚሰጠው ይቀራል፣ የቆዳ ሥሩም በኪሎ 0.75 ይሆናል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑም ድግግሞሹም ይቀነስለታል።

የዳይክሎፌናክ መርፌ ነገር አጥብቀን የምንናገርበት ነው። ደረቴን አመመኝ ላለ ሰው ቂጥ ላይ መወጋት የተለመደ ሆኗል። ማሟሟያ ሊሰጠው የሚችል ሰው ጡንቻ ላይ ከተወጋ ቦታው ደም ያቁራል፤ ዳይክሎፌናክ ራሱም ለታመመ ልብ ጎጂ ነው። ላይን ሁለት ይከፈታል፤ ሁለቱም ማሟሟያው ከመግባቱ በፊት፣ በእጅ ተጭኖ ማቆም በሚቻልበት ክንድ ላይ።

ኦክስጅንም ለሁሉም አይደረግም። የኦክስጅን መጠኑ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው እንደማይጠቅም በ2017 የወጣ ትልቅ የስዊድን ጥናት አሳይቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ 92 ወይም 93 ማየት ሊያስደነግጥ አይገባም።

ማሟሟያ የማይሰጠው

አንጎሉ ውስጥ በማንኛውም ዘመን ደም የፈሰሰበት፣ ባለፉት 6 ወራት ስትሮክ የያዘው፣ የአንጎል ዕጢ ያለበት፣ ባለፈው አንድ ወር ከባድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ወይም ከጨጓራና ከአንጀት የደማ ሰው አይሰጠውም። ሕመሙ እንደሚቀድ ሆኖ ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ የሁለቱ ክንዶች የደም ግፊት ከ20 በላይ የሚለያይ ከሆነ የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) መሰንጠቅ ይጠረጠራል፤ ለዚህ ሰው ማሟሟያ መስጠት መግደል ነው። ግፊቱ ከ180/110 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይወርዳል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ወይም በተተካ ቫልቭ ምክንያት የመድማት አደጋን የሚጨምረውን የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪንን የሚወስዱ ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ሳይጠየቁ የሚታለፉትም እነሱ ናቸው።

አደጋውን በትክክል ለቤተሰብ መንገር ይቻላል። ማሟሟያ ከተሰጣቸው 1,000 ሰዎች ውስጥ ወደ 4 የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች ስትሮክ ያገኛቸዋል። በ6 ሰዓት ውስጥ ከታከሙት 1,000 ሰዎች ደግሞ 30 ገደማ ከሞት ይተርፋሉ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ከታከሙት 65 ገደማ። ከመድኃኒቱ በኋላ ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መፍዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ከመጣ ሁሉም መድኃኒት ቆሞ ሲቲ ስካን ይነሣል።

ካት ላብና ስቴንት

ካት ላብ በቀጭን ቱቦ ተገብቶ የልብ ደም ሥር የሚከፈትበት ክፍል ነው። ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሰዎች ሥሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይከፈታል፤ ማሟሟያ ይህን አያደርግም። በ2003 የታተመው የ23 ጥናቶች ድምር፣ 7,739 ታካሚዎች፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሞቱትን 7 በመቶ በስቴንትና በፊኛ፣ 9 በመቶ በማሟሟያ አድርጎ አሳይቷል፤ ዳግመኛ ሃርት አታክ 3 ለ7፣ ስትሮክ 1 ለ2። በግፊት መውረድ ሾክ ውስጥ ለገባ ታካሚና ማሟሟያ ለተከለከለ ሰው ምርጫው ይህ ብቻ ነው። በእጅ አንጓ በኩል መግባት ከብሽሽት ይልቅ የሚደማው ያነሰ ነው፤ የሚሠራው ቡድን በእጅ የለመደ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ብልጫ ግን በሰዓት የታሰረ ነው። ኢሲጂው ከተነበበበት ደቂቃ አንሥቶ ሽቦው የተዘጋውን ሥር እስኪያልፍ 120 ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ ወደ ካት ላብ፤ የሚበልጥ ከሆነ ማሟሟያው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል። አገራችን ውስጥ ካት ላብ ያላቸው ተቋማት ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው በመኪና በ120 ደቂቃ አይደርስም፤ ማሰቡም ዋጋ የለውም። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረቀት ይደርሳል፤ ግን አምቡላንስ ማግኘት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የከተማ መንገድ መጨናነቅ፣ የማስያዣ ክፍያና ከቤት የሚጠራው ቡድን ሁሉ ከዚያው 120 ደቂቃ ላይ ነው የሚቀነሱት።

ስለዚህ ስልክ የሚደውለው ሐኪም ወይም የሊያዥን (ሪፈር የሚያገናኘው ክፍል) ሠራተኛ «ካት ላብ አላችሁ?» ብሎ አያቁም። ማሽኑ ዛሬ ይሠራል? ባለሙያው አሁን የት ነው? ስቴንትና ኮንትራስት በእጃችሁ አለ? ከመግባቱ በፊት የሚከፈለው ስንት ነው፣ በምን ይከፈላል? ለአንዱ እንኳ ጥርት ያለ መልስ ካልተገኘ ማሟሟያው ይሰጥ።

በውጭ ለምትኖሩ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች 998፣ በሳዑዲ 997 ይደወላል። በብዙዎቹ ቦታ ኢሲጂው አምቡላንስ ውስጥ ተነሥቶ ቡድኑ ታካሚው ሳይደርስ ይጠራል። በዘመድ መኪና መሄድ ይህን ሁሉ ያሳጣል። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለእኛ የሚስማማው፦ ማሟሟያ፣ ከዚያ ጉዞ

በ2013 የታተመው ጥናት ሕመሙ በጀመራቸው በ3 ሰዓት ውስጥ የመጡና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስቴንት ማግኘት ያልቻሉ 1,892 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ቴኔክቴፕሌዝ ወስደው ኋላ ወደ ካት ላብ ከሄዱት 12.4 በመቶ፣ በቀጥታ ወደ ካት ላብ ከተላኩት 14.3 በመቶ ሞተዋል ወይም ሾክ፣ ከባድ የልብ ድካም ወይም ዳግመኛ ሃርት አታክ አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የጎላ አይደለም፤ ማሟሟያ የወሰዱት እንዳልተጎዱ ግን ያሳያል። የአንጎል መድማት በርክቶ ስለታየ ነው የአረጋውያን መጠን በጥናቱ መካከል በግማሽ የተቀነሰው።

ከዚሁ ጥናት መዘንጋት የሌለበት ቁጥር አለ፤ ማሟሟያ ከወሰዱት 36 በመቶ የሚሆኑት የተደፈነው ደም ሥር አልተከፈተላቸውምና በአስቸኳይ ካት ላብ ገብተዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ እንደተሰጠ የሪፈር ስልኩ ይደወላል፤ ውጤቱን አይቶ መደወል ረፍዷል። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂው ይደገምና ከፍ ብሎ የነበረው ኤስቲ ቢያንስ በግማሽ ካልወረደ ሥሩ አልተከፈተም፤ ሁለተኛ መጠን ማሟሟያ ሳይሆን ካት ላብ ነው የሚፈልገው። ከወረደና ሕመሙ ከለቀቀው ደግሞ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ አንጂዮግራም (የልብ ደም ሥሮች ምስል) ይነሣለታል። በዚህ መካከል ሞኒተሩ ላይ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ፈጠን ያለ ምት ለጥቂት ደቂቃ ከታየና ግፊቱ ደህና ከሆነ ሥሩ የመከፈቱ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት መሯሯጥ አያስፈልግም። አምቡላንሱ ውስጥ ዲፊብሪሌተር (የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ) እና የሚጠቀምበት ሰው መኖሩ ከሁሉ ይቀድማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚገድለው ብዙ ጊዜ የልብ ምት መዛባት ነው።

ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈ ማሟሟያ አይሰጥም፤ ሕመሙ የቀጠለበት ሰው ግን አሁንም ለካት ላብ ይሆናል። ቀናት ካለፉ በኋላ ያለው ጉዳይ ቤተሰብን ያከስራል። ሕመም የሌለው፣ የተረጋጋ፣ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከ3 ቀን በላይ የሆነው ሰው ያንን ሥር በስቴንት ማስከፈቱ ሞትንም ሆነ ዳግመኛ ሃርት አታክን እንደማይቀንስ በ2006 ታይቷል። ቤት ሸጦ ከመምጣት በፊት ሐኪሙን «ይህ ሥር አሁን ቢከፈት ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የጠበቡ ሌሎች ሥሮች ካሉት ወይም ሕመሙ ከተመለሰ መልሱ ይለያል።

ስቴንት የገባለት ሰው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ወይም ቲካግሬሎር አብሮ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ነው። በመጀመሪያው ወር በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ስቴንቱን በአንድ ቀን ሊዘጋው ይችላል፤ ጸበል የሚሄድም፣ የሚጾምም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ስለሚቀንስ በፓንቶፕራዞል ይተካ። ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የትኛው ማሟሟያ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ በግልጽ ይጻፍለት። ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ ደግሞ «ዳግመኛ አይሰጥ» የሚል መስመር ይጨመርበት፤ ወረቀቱም ከመታወቂያው ጋር ኪሱ ውስጥ ይሁን።